ለሚመለከተው ሁሉ

ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ ከማኅተሙ በላይ ሰማያዊ ፊርማ አለ። መልእክቱ አጭር ነው፦ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆንሁት እኔ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ አደርግ ዘንድ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በአክብሮት ይጠይቃል። ይህችን አንድ ገጽ ወረቀት ዝናብ እንዳያበሰብሳት በፕላስቲክ ሸፍኜ የ2009 ዓ.ም. ነሐሴን ሙሉ ይዣት ዞርሁ። ብዙ ሰው አነበባት። የሚመለከተው ግን ጠፋ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ነበር። የቡድን መሪው ደብዳቤዬን ከማንበባቸው በፊት ቁመናዬን አነበቡና «ምን ቦታ ላይ ነው የምትጫወተው?» አሉኝ። ተጫዋች እንዳልሆንሁ፣ የልብ ምትን፣ የጡንቻን ድካምና የላብን ነገር የማጠና ተማሪ እንደሆንሁ ሳስረዳ ፊታቸው ቀዘቀዘ። ሁለተኛው አንድ ጂም ነበር፤ ባለቤቱ በጥሞና ካዳመጠኝ በኋላ በወር ስንት ልከፍለው እንዳሰብሁ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ሆስፒታል ነው። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ኃላፊ ትሁት ሴት ነበሩ፤ ወንበር ሰጡኝ፤ ደብዳቤዬንም ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የእናንተ ትምህርት ለጤነኛ ሰው ነው፤ እዚህ ደግሞ ጤነኛ አይመጣም» ብለው መለሱልኝ። ደረጃውን እየወረድሁ አነጋገራቸውን ደጋግሜ አሰላሰልሁት። ታዲያ ጤነኛው ሰው የት ነው ያለው? ለእርሱስ የሚጨነቅለት ማን ነው?

የክፍል ጓደኞቼ ልብ ወደ አርሲ ሸፍቶ ነበር። በቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለን፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑባት ከተማ ናት። አሰላ የሚገኘውን የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ አዲስ አበባ ያለውን የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ የሚመኙም ነበሩ። እኔም ተመኝቼ ነበር፤ የመንገድና የቤት ኪራይ ገንዘብ ግን አልነበረኝም።

ደግሞም የተማርነው ሁሉ ስለ ከፍታ ነበር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እንደሚሳሳ፣ ኩላሊት «ደም ይመረት» የሚል መልእክት እንደሚልክ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እንደሚበረክቱ፣ ሯጮቻችን እንጦጦ ላይ የሚለፉት ለዚህ እንደሆነ ሳምንታት ሙሉ ተማርን። ስለ ሙቀት የሚናገረው ምዕራፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። መምህራችን «ይህ እኛን ብዙም አይመለከተንም» ብሎ ገጾቹን ገለባበጣቸው። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። እጄን ግን አላወጣሁም።

በመጨረሻ ደብዳቤዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

* * *

ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት። ታሪክ ያነበበ ሰው ቋራን የሚያውቃት በካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ነው። ከጎንደር በአይከል በኩል እስከ ገንዳ ውኃ አስፋልት አለ፤ ያ መንገድ ቀጥሎ የሚወርደው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ወደ ወደቁባት ወደ መተማ ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ግን ከአስፋልቱ ተገንጥሎ አቧራ መቃም አለበት። ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በታች እስኪደርስ ድረስ መጀመሪያ ሹራቡ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ካልሲው፣ በመጨረሻ ወሬው ያልቃል። ከከተማዋ ወዲያ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ተዘርግቷል፤ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የሱዳኖቹ ዲንደር ይቀጥላል። ሻይ ቤቶቻችን ከርከዴ ያፈላሉ።

መስከረም ሲጠባ ከተማዋ ሌላ መልክ ትይዛለች። አይሱዙዎች ከደጋ ሰው ጭነው ይመጣሉ። ማጭዱን በጨርቅ የጠቀለለ፣ ነጠላ ጫማ የተጫማ፣ ጋቢውን በትከሻው ያደረገ ወጣት ከጎጃም፣ ከበለሳ፣ ከደብረ ታቦር አካባቢ ይወርዳል። ሳሉግ እንላቸዋለን። የሚመጡት ሰሊጥ ለማጨድ ነው። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ከግንዱ በታች በኩል ያሉት ፍሬ መያዣዎች መድረቅ ሲጀምሩ ካልታጨደ አፋቸውን ይከፍቱና የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ይቸኩላል። ክፍያው በታጨደው ልክ ነውና ሳሉጉም ይቸኩላል። የማትቸኩለው ፀሐይ ብቻ ናት።

በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ፣ አባቴን የሚያውቁ አንድ ጤና መኮንን ነበሩ። ደብዳቤዬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡና «ይህ እንኳ እኔን ይመለከተኛል» አሉ።

ደንግጬ ዝም አልሁ።

«ወባን እናውቃለን፤ ምርመራም መድኃኒትም አለው። ካላዛርንም እናውቃለን፤ ግራር ሥር የሚያድረውን ሳሉግ የአሸዋ ዝንብ እንደምትነክሰው እንነግራለን። በየዓመቱ በአጨዳው መጀመሪያ ሳምንት ግን ሌላ ነገር ይመጣብናል። ሰውነቱ እንደ ምጣድ የጋለ፣ የወባ ምርመራው ነጻ የሆነ፣ የሚቀባጥር ልጅ ተሸክመው ያመጡልናል። አንዳንዱ ይድናል። አንዳንዱ መንገድ ላይ ያልቃል። መዝገቡ ላይ ምን ብለን እንደምንጽፍ ይቸግረናል። አንተ ላብ ምን እንደሆነ የተማርህ ከሆነ፣ ሂድና እርሻው ላይ እያቸው።»

እንዲህ ዓይነት ልምምድ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ያስረዱኝም እርሳቸው ናቸው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ ሜዳ ወባ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎች በቡድን እየሆኑ ወደ ገጠር ከተሞች ይላኩ ነበር። ሕመምተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ሕመሙ ወዳለበት መውረድ የትምህርቱ አካል ነበር። «አንተ ግን አራተኛው ሙያ ነህ» ብለው ሳቁ። «በስፖርት የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

* * *

በ2010 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ ላይ ሥራ ጀመርሁ። ንብረቴ አንድ የእጅ ሰዓት፣ አንድ የብብት ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ነበር። ሚዛን ግን ነበረን፤ እርሻው መጋዘን ደጃፍ ላይ የቆመ የኩንታል ሚዛን። ሳሉጎቹ ጎሕ ሲቀድ በተራ እየወጡበት «እኔ ስንት ኩንታል ሆንሁ?» እያሉ ይሳሳቃሉ። ካቦው በጥርጣሬ ያየኛል። «ሰዉን ሥራ እንዳታስፈታብኝ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ ሌላ አልከለከለኝም።

ከነባሮቹ አንዱ ጠዋት 54 ኪሎ ነበር። የሚጠጣውን ሁሉ ቆጠርሁለት፤ ስድስት ሊትር ውኃ ጠጣ። ማታ ሲመዘን 52 ኪሎ ተኩል ሆነ። የበላውንና የሸናውን ብንተወው ሰባት ሊትር ተኩል የሚያህል ላብ ከዚያ ቀጭን ሰውነት ወጥቶ ተንኖ ሄዷል ማለት ነው። ሰው ከክብደቱ 2 በመቶ በላይ ውኃ ሲያጣ ጉልበቱ እንደሚቀንስ ተምሬአለሁ፤ ይህ ሰው ወደ 3 በመቶ ተጠግቶ እየሳቀ እራቱን ይጠብቃል። በቤተ ሙከራ እንዲህ የሚለፋ ሰው ቢገኝ አጠገቡ ሐኪም ይቆምለት ነበር።

ከዚህ በኋላ ድካማቸውን ለመለካት ሞከርሁ። ጉናር ቦርግ የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ያበጀው አንድ መለኪያ አለ፤ ከስድስት ጀምሮ ሃያ ላይ ያበቃል። ከስድስት የጀመረበት ምክንያት ቀላል ነው። የጤነኛ ወጣት ልብ ባረፈበት በደቂቃ 60 ገደማ ይመታል፤ እስከ መጨረሻ አቅሙ ሲለፋ 200 ይጠጋል። ስለዚህ ሰውየው ስለ ድካሙ የሰጠው ቁጥር በአሥር ሲባዛ ከልቡ ምት ጋር ይቀራረባል። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ማሽን ባይኖርም ሰውን መጠየቅ ይቻላል፤ ሰውነቱም ያውቃል ማለት ነው።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ተረጎምሁት። «እጅግ በጣም ቀላል፣ በጣም ቀላል፣ ቀላል፣ ከበድ ያለ፣ ከባድ፣ በጣም ከባድ፣ እጅግ በጣም ከባድ።» በማግስቱ ደብተሬን ይዤ በሰሊጡ መካከል ወረድሁ። የመጀመሪያውን አንጓ ይዤ ሥሩን ቆጠርሁ፤ 160 ይመታል። «ሥራው እንዴት ነው?» አልሁት።

«ተመስገን» አለኝ።

ሁለተኛውን ጠየቅሁ። «ደኅና ነው፤ ምን ይላል ብለህ።» ሦስተኛው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን።» አራተኛው ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ «አንተስ ደኅና ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ቀን 22 ሰው ጠየቅሁ፤ 22ቱም በቦርግ መለኪያ ስድስት ላይ ናቸው። ልባቸው አንድ ነገር ይናገራል፤ አፋቸው ያመሰግናል። እኔም ከዚያው ምድር የበቀልሁ ሰው ነኝና እንዴት ይህን ሳላስብ እንደቀረሁ ገረመኝ። እኛ ዘንድ «እንዴት ነህ?» ሲባል የሚጠበቀው ምስጋና ነው፤ ድካሙን የሚዘረዝር ሰው እንዳማረረ ይቆጠራል።

የረዳኝ የዘፈኑ አውራጅ ነበር። በዕድሜ ከሁሉም ገፋ ያለ፣ ብዙ አጨዳ ያየ ሰው ነው። እርሱ ያወርዳል፤ ሌሎቹ እያጨዱ ይቀበላሉ። ምሳ ላይ ደብተሬን አሳየሁት። ማንበብ ስለማይችል አነበብሁለት። ጥቂት አሰበና «ይህ ሁሉ በጣም በጣም ምን ያደርጋል?» አለ። «ሥራው ከባድ ነው ወይ አትበለን። ሥራው ምን ያሰኝሃል በለን። ጠዋት ሥራው ያዘፍናል። ፀሐይ ከፍ ስትል ዘፈኑ ይቀራል እንጂ ያስወራል። ከዚያ ዝም ያሰኛል። ከዚያ ወዲያ እናት ያስጠራል።»

ጻፍሁት። ያዘፍናል፣ ያስወራል፣ ዝም ያሰኛል፣ እናት ያስጠራል። ከዚያች ቀን በኋላ «ተመስገን» የሚለኝ ሰው አነሰ። «አሁንስ?» ስለው፣ «ያስወራል» ይለኛል፤ ሥሩን ስቆጥር 130 አካባቢ ነው። «ዝም ያሰኛል» ብሎ ዝም የሚለው ደግሞ ከ150 ያልፋል። ነገሩ ተአምር አይደለም። ሥራ ሲበረታ ጡንቻ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ለዘፈን የሚተርፍ ትንፋሽ ይጠፋል፤ ቀጥሎም ለወሬ። አሠልጣኞች ሯጭን እያናገሩ የልምምዱን ክብደት የሚገምቱት በዚሁ መንገድ ነው። አውራጁ ግን ከማንም አልተማረውም። ዘፈኑ በየቀኑ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲቀር ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።

* * *

ደብተሬ ሲሞላ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። በአንድ መስመር፣ በአንድ ፍጥነት ጎን ለጎን ከሚያጭዱ ሁለት ሰዎች፣ ሦስት ሳምንት የቆየው ልቡ 120 ሲመታ፣ ትናንት ከደጋ የወረደው 165 ይመታል። ነባሮቹ «ሰነፍ ነው፤ ይለምዳል» ይላሉ። ሰነፍ አልነበረም። «ይለምዳል» ማለታቸው ግን እውነት ነበር።

ያ የተዘለለው ምዕራፍ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሰው በሙቀት መሥራት ሲጀምር ከሰባት እስከ አሥራ አራት ባሉት ቀናት ውስጥ ሰውነቱ ይለወጣል። የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፤ ላቡ ቶሎና በብዛት መውጣት ይጀምራል፤ ጨውነቱም ይቀንሳል፤ የልቡ ምት ዝግ ይላል። ከዚያ በፊት ግን ከነባሩ እኩል ቢለፋ የሚያመነጨውን ሙቀት ማስወጣት ያቅተዋል። የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተመራማሪዎች አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው ሥራ 20 በመቶውን ብቻ እንዲሠራ፣ በየቀኑም ከ20 በመቶ በላይ እንዳይጨመርበት የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ይህ ዕውቀት ከስታዲየም የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1927 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሃርቫርድ የድካም ቤተ ሙከራ የሚባል ተቋም ተከፍቶ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. በጋ ተመራማሪዎቹ የሁቨር ግድብ ወደሚሠራበት በረሃ ወርደው በሙቀት የሚወድቁትን ሠራተኞች ላብ ለኩ፤ በላብ የሚወጣው ጨው ካልተተካ ውኃ ብቻውን እንደማይበቃ አሳዩ። በደቡብ አፍሪካም የወርቅ ማዕድን ኩባንያዎች ጥቁር ሠራተኞችን ወደ ጥልቁ ጉድጓድ ከማውረዳቸው በፊት በሞቀ ክፍል ውስጥ ደረጃ እያስወጡና እያስወረዱ ያላምዷቸው ነበር። ያም ልኬት ነፍስ አድኗል፤ የተለካው ግን ለሠራተኛው ታስቦ ይሁን ለወርቁ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ የእኔ ትምህርት ገና ከጥንቱ የሚመለከተው ሯጩን ብቻ አልነበረም። ለእንጀራ የሚያልበውንም ይመለከት ነበር።

ይህን ሁሉ ለካቦው ነገርሁት። «አዲሱ ከነባሩ እኩል ካላጨደ ማን ይከፍለዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉም መልስ አልነበረውም።

* * *

ጥቅምት ውስጥ ነው። ልጁ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ ያንስ እንደሆነ እንጂ አይበልጥም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነዶ የሚያስሩት ዘንድ ቆሜ ስጽፍ የአውራጁ ድምፅ ተሰማ። ዘፈን አልነበረም።

«ኧረ ይህ ልጅ እናቱን እየጠራ ነው!»

ሰው ሁሉ ማጭዱን ጥሎ ቀና አለ። ያቺ ቃል የጨዋታ ቃል ነበረች፤ በየቀኑ ስንስቅባት ነው የከረምነው። ልጁ ግን በእውነት ከእናቱ ጋር እያወራ ነበር፤ «መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ» እያለ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይራመዳል፤ ጉልበቱ ይብረከረካል። ያዝነው። ገላው ያቃጥላል። ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ አስገባሁ፤ 40ን አልፎ ሄደ።

አንዱ «ምች ነው፤ ዳማከሴ ፈልጉ» አለ። ሌላው «አይሱዙ ጥሩ፤ ጤና ጣቢያ እናድርሰው» አለ። ሌላው ጋቢ አመጣ፤ ሊያለብሰው። እኔ የማስታውሰው ያንን የተገለባበጠ ገጽ ነበር፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ፦ መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጓጉዝ። እስከ ጤና ጣቢያው አንድ ሰዓት መንገድ አለ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አንጎሉ ይበስላል።

«ውኃውን አምጡ!» አልሁ።

ካቦው በርሜሉ ፊት ቆመ። «የመጠጥ ውኃ ነው! የዛሬ ውኃ ይኸው ነው!» እውነቱን ነበር። ያ በርሜል የሁሉም ነው፤ ቢያልቅ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው ሰው የለም። በዚያ ቅጽበት እጄ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ተማሪ ነኝ፤ ፈቃድ የለኝም፤ ብሳሳትስ? ነገሩን የወሰነው አውራጁ ነው። ምንም ሳይናገር ሄዶ በርሜሉን በሁለት እጁ አዘነበለው።

ጥላ ሥር አስተኛነው። ልብሱን አወለቅን። ውኃውን በጣሳ እየቀዳን አንገቱ ላይ፣ ብብቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ አፈሰስን፤ ጋቢውን በውኃ ነክረን አለበስነው፤ ማዳበሪያ ይዘው አራት ሰዎች አራገቡበት። አእምሮውን ስቷልና ውኃ በአፉ እንዳይሰጡት ከለከልሁ። ያ ሁሉ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ሰዓቴን አላየሁም፤ ሙያዬ ሰዓት ማየት ነበር፣ አላየሁም። በመጨረሻ ልጁ ዓይኑን ገለጠና ዙሪያውን አየ።

«ማጭዴስ?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዳንዱ እየሳቀ ያለቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ አይሱዙው መጣ፤ ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ተኝቶ ዳነ።

* * *

የዚያን ዕለት ማታ ታሪኩን ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ዛሬ የገለጉ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከደጋ የወረደው እንደ እነርሱ ማጭድ ይዞ፣ እኔ ሳልወለድ ነው። እስክጨርስ በዝምታ አዳመጠኝ። ፋኖሱን ወደ ጎን አደረገና፣ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው ስለማላውቅ ስለ አንድ ጓደኛው አወራኝ። ከአንድ ቀበሌ አብረው ተነሥተው፣ አብረው ወርደው፣ በሁለተኛው ቀን ጓደኛው መቀባጠር ጀመረ።

«ምች መታው ብለን ዳማከሴ አሸተትነው» አለኝ። «ላብ ይውጣለት ብለን፣ የእኔን ጋቢ በእርሱ ጋቢ ላይ ደርቤ ሸፈንሁት። ጎኑ ቁጭ ብዬ ጫፍ ጫፉን እይዝለት ነበር፤ እንዳይገለጥ።» ብዙ ቆየና፣ «ውኃ ብናፈስበት ኖሮ ይድን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ ያደረግሁት ለዚህ ጥያቄ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዓይነቱ ፈተና አያዘጋጅም።

«ያኔ ማንም አያውቅም ነበር አባዬ» አልሁት።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። በሙቀት የወደቀን ሰው ማቀዝቀዝ እንደሚገባ አባቴ ሳይወለድ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ተጽፏል፣ ታትሟል፣ በብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ወደ ቋራ የሚወስደው ደብዳቤ ብቻ ነበር ያልደረሰው።

* * *

ከዚያ ቀን በኋላ እርሻው ላይ ሁለት ነገር ተለወጠ። ካቦው ሁለተኛ በርሜል አስመጣ። ሌላው ለውጥ የመጣው ከሳሉጎቹ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ለመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ብቻ እንዲያጭድ፣ ፀሐይ ሲበረታ ግን ውኃ እንዲያመላልስና ጥላ ሥር ማጭድ እንዲስል፣ ድርሻው ግን እንዳይጎድልበት ተስማሙ። የጎደለውን ነባሮቹ ይሸፍናሉ። «ካቦው ማን ይከፍለዋል?» ብሎኝ ለነበረው ጥያቄ መልሱን የሰጡት እነርሱ ናቸው፤ አገራቸው ላይ ወንፈል የሚሉት ነገር ነው። እኔ ያዋጣሁት ቀኑን መቁጠር ብቻ ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ልምምዴን ጨረስሁ። ጤና መኮንኑ የሥራ ሰዓቴን መዝገብ ፈርመው፣ ከማኅተሙ አጠገብ በእጅ ጽሑፍ «ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይለናል» የሚል ጨመሩበት። 31 ገጽ ዘገባ ጽፌ መርማሪዎች ፊት አቀረብሁ። አንደኛው ገጾቹን ካገላበጠ በኋላ «ጥሩ ነው፤ ግን ስፖርተኞቹ የታሉ?» አለኝ። ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ቦርግ፣ ስለ ሁቨር ግድብ አስረዳሁ። ከርዕሱ ወጥተሃል ተብዬ «ሲ» ተሰጠኝ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን አልፈርድበትም፤ የተማርነው አንድ መጽሐፍ ነው።

ዛሬ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ድንበር ብዙ አይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ስንቱ ነፍሱን ይዞ ተሻግሯል። የሰሊጥ ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ የሰው ልብም እንዲሁ። ተማሪዎቼን ሜዳውን ሳስሮጥ የልብ ምት መቁጠር ከማስተማሬ በፊት አራቱን ቃላት አስተምራቸዋለሁ። «እናት ያስጠራል» ስል ይስቃሉ። ይሳቁ። ቃሉን ያስታውሱት እንጂ።

ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ አባቴ አሁንም ከእርሻው ማታ ይገባል። ድሮ «እንዴት ዋልህ?» ስለው «ተመስገን» ብሎኝ ወደ ውስጥ ያልፍ ነበር። አሁን «ዛሬስ?» እለዋለሁ።

«ያስወራል» ይለኛል። ደጃፉ ላይ ይቀመጥና ያወራኛል።